በሩን አስከፍቶ የሚገባ ሌባ፦ ትሮጃን ሶፍትዌርና ያልተደፈነው የሕግ ክፍተት

በአትላንታ የተሰየመው የፌዴራል ፍርድ ቤት እ.ኤ.አ. ኤፕሪል 20 ቀን 2016 በሁለት ሰዎች ላይ በድምሩ የ24 ዓመት ከ6 ወር እስራት ፈረደ። አንደኛው ስፓይአይ የተባለውን ትሮጃን የጻፈው ሩሲያዊው አሌክሳንደር ፓኒን ሲሆን የተፈረደበትም 9 ዓመት ከ6 ወር ነበር። ሁለተኛው በዚሁ ሶፍትዌር ከባንክ ደንበኞች የዘረፈው አልጄሪያዊው ሐምዛ ቤንደላጅ ነው፤ እርሱም 15 ዓመት ተፈረደበት። የአሜሪካ የፍትሕ ሚኒስቴር እንዳስታወቀው ስፓይአይ ከ50 ሚሊዮን የሚበልጡ ኮምፒውተሮችን በክሎ ወደ 1 ቢሊዮን ዶላር የሚጠጋ ኪሳራ አድርሷል።

ዓመት ሳይሞላው፣ እ.ኤ.አ. ማርች 14 ቀን 2017፣ በዋሽንግተን ዲሲ የሚገኘው የፌዴራል ይግባኝ ሰሚ ፍርድ ቤት በሌላ የትሮጃን ጉዳይ ላይ ውሳኔ ሰጠ። ከሳሹ በሜሪላንድ ግዛት ሲልቨር ስፕሪንግ ከተማ የሚኖር፣ በኢትዮጵያ የተወለደ አሜሪካዊ ዜጋ ነበር። በኢትዮጵያ ያሉ ዘመዶቹ ችግር እንዳይደርስባቸው በመስጋት ፍርድ ቤት የቀረበው «ኪዳኔ» በሚል የብዕር ስም ነው። ክሱ የኢትዮጵያ መንግሥት ፊንስፓይ የተባለውን የስለላ ሶፍትዌር በቤቱ ኮምፒውተር ላይ ተክሎ ለወራት የስካይፕ ንግግሩን፣ የራሱንና የቤተሰቡን የኢሜይልና የኢንተርኔት እንቅስቃሴ ሲከታተል ኖሯል የሚል ነበር። ፍርድ ቤቱ ክሱ እውነት ነው ወይስ ሐሰት የሚለውን አልመረመረም። ተከሳሹ የውጭ አገር መንግሥት በመሆኑ በአሜሪካ ፍርድ ቤት ሊጠየቅ አይችልም ብሎ መዝገቡን ዘጋው።

የአትላንታው የወንጀል ክስ ነው፤ የዲሲው ደግሞ የካሳ ጥያቄ ነው። ስለዚህ ሁለቱ በአንድ ሚዛን የሚቀመጡ አይደሉም። ከተጎጂው ወገን ሆኖ ለሚመለከታቸው ግን ልዩነታቸው በእጅጉ ይጠባል። በሁለቱም ሰውየው ያደረገው ነገር ቢኖር እውነተኛ የመሰለውን ፋይል መክፈት ብቻ ነው። በሁለቱም የገባው ሶፍትዌር በአንድ ዓይነት ዘዴ ይሠራል። ገንዘብ ፈላጊው ሌባ ግን በሃርትስፊልድ ጃክሰን አውሮፕላን ማረፊያ ሲያልፍ ተይዞ ለፍርድ ሲቀርብ፣ ፖለቲካዊ ድምፅን ለማፈን የመጣው ሰላይ ከሕጉ ጥላ ሥር ያርፋል። በጆርጂያ የሚኖሩ ኢትዮጵያውያንና ትውልደ ኢትዮጵያውያን ሁለቱንም ዓይነት ሌባ ሊያገኙ ይችላሉ። ለመከላከያ ያላቸው መሣሪያ ግን ለአንደኛው እንጂ ለሁለተኛው አልተሠራም።

ትሮጃን እንዴት ይገባል

ስሙ የተወሰደው ከጥንታዊቷ የትሮይ ከተማ ታሪክ ነው። ግሪኮች በጦርነት ያልደፈሯትን ከተማ የያዟት፣ ወታደሮች የተደበቁበትን የእንጨት ፈረስ ስጦታ አስመስለው በመተው ነበር፤ ፈረሱን ጎትተው ያስገቡት የከተማይቱ ነዋሪዎች ራሳቸው ናቸው። ትሮጃን ሶፍትዌርም ከሌሎች ተንኮል አዘል ሶፍትዌሮች የሚለየው በዚሁ ነው። ቫይረስ ራሱን በሌሎች ፋይሎች ላይ እየለጠፈ ይባዛል፤ ዎርም የሚባለው ደግሞ ያለ ሰው እርዳታ ከኮምፒውተር ወደ ኮምፒውተር ይተላለፋል። ትሮጃን ግን በመሠረቱ የሰው እጅ ይጠብቃል። ባለቤቱ ራሱ እንዲከፍተው፣ እንዲጭነው ወይም «እሺ» የሚለውን እንዲነካ ይፈልጋል።

መግቢያዎቹ የታወቁ ናቸው። የክፍያ ደረሰኝ፣ የኢሚግሬሽን ደብዳቤ፣ የሥራ ቅጥር ማስታወቂያ ወይም የስብሰባ ጥሪ መስሎ በኢሜይል የሚላክ አባሪ ፋይል አንዱ ነው። «ይህን ቪዲዮ ለማየት ማጫወቻዎን ያድሱ» የሚል ሐሰተኛ ማሳሰቢያ ሌላው ነው። ገንዘብ የሚከፈልበትን ሶፍትዌር በነጻ እንሰጣለን የሚሉ ገጾች፣ በብራውዘር ላይ የሚጫኑ አጠራጣሪ ተጨማሪዎች፣ ከማይታወቅ እጅ የተገኘ ፍላሽ ዲስክም በዚሁ መዝገብ ይገባሉ። አንዳንድ ጊዜ ፋይሉ ዶክመንት መስሎ ይታያል እንጂ በትክክል ፕሮግራም ነው። አንዳንድ ጊዜም እውነተኛ የወርድ ዶክመንት ሆኖ በውስጡ ትእዛዝ ይይዛል፤ ትእዛዙም የሚሠራው ተጠቃሚው እንዲሠራ ሲፈቅድለት ነው። ሶፍትዌሩ ሳይታደስ የቆየ ኮምፒውተር ከሆነ ግን ፋይሉን መክፈት ብቻውን ሊበቃ ይችላል።

የኪዳኔ ጉዳይ እዚህ ላይ ትልቅ ትምህርት አለው። በፍርድ ቤቱ ውሳኔ እንደተመለከተው አባሪ ፋይሉ የደረሰው ከማያውቀው ሰው አልነበረም። ሌላ ሰው የተላከለትን መልእክት አንድ የሚያውቀው ሰው አስተላልፎለት ነው የከፈተው። «ከማታውቁት ሰው የመጣ ፋይል አትክፈቱ» የሚለው የተለመደ ምክር ለዚህ ዓይነቱ ጥቃት አይበቃም። በስደት ያለ ማኅበረሰብ የሚኖረው ዜና፣ ፎቶግራፍና የስብሰባ ጥሪ ከእጅ ወደ እጅ በማስተላለፍ ነው። አጥቂው የሚጋልበው ይህንኑ መተማመን ነው።

ከገባ በኋላ የሚሠራው

ትሮጃን እንደ ገባ መጀመሪያ የሚያደርገው ቦታውን ማደላደል ነው። ራሱን በተጠቃሚው አቃፊዎች መካከል ተራ በሚመስል ስም ያስቀምጣል። ኮምፒውተሩ በተከፈተ ቁጥር አብሮ እንዲነሣ በመነሻ ዝርዝሩ ወይም በተቀጠሩ ሥራዎች ውስጥ ይመዘገባል። ቀጥሎ ከአዛዡ ሰርቨር ጋር ይገናኛል፤ ከዚያም ትእዛዝ ይቀበላል፣ ተጨማሪ መሣሪያ ያወርዳል፣ የሰበሰበውን ይልካል።

ስፓይአይ የባንክ ትሮጃን ነበር። በቁልፍ ሰሌዳ የሚተየበውን ይመዘግባል፤ በባንክ ገጽ ላይ የሚሞሉ ቅጾችን ይቀዳል። ከዚህም አልፎ በእውነተኛው የባንክ ገጽ ውስጥ የሐሰት ጥያቄ አስገብቶ ደንበኛው የምስጢር ቁጥሩን ራሱ እንዲሰጥ ያደርጋል። ፓኒን ይህን መሣሪያ በ1,000 እና በ8,500 ዶላር መካከል ባለ ዋጋ ይሸጠው ነበር፤ ቢያንስ 150 ደንበኞች እንደነበሩትም የፍትሕ ሚኒስቴር ገልጿል። እ.ኤ.አ. በፌብሩዋሪ 2011 የፌዴራል ምርመራ ቢሮ በሰሜን ጆርጂያ የነበረ አንድ የስፓይአይ ማዘዣ ሰርቨር ያዘ። ከ200 በላይ የተበከሉ ኮምፒውተሮች ከዚያ ይታዘዙ ነበር። ክሱ ወደ አትላንታ ፍርድ ቤት የመጣበት አንዱ ምክንያትም ይኸው ነው።

ፊንስፓይም የሚከተለው ያንኑ መንገድ ነው፤ የተለየው ዓላማውና ደንበኛው ነው። ጋማ ግሩፕ የተባለው ኩባንያ ለመንግሥታት የሚሸጠው መሣሪያ ነበር። የባንክ ሂሳብ አይፈልግም። የሚፈልገው ሰውየው ከማን ጋር እንደሚነጋገር፣ ምን እንደሚጽፍ፣ ማን እንደሚያምነው ነው። በባንክ ትሮጃን የተዘረፈ ገንዘብ ሊመለስ ይችላል። በአዲስ አበባ ወይም በባሕር ዳር ያለ የዘመድ ስም ከተቀዳ በኋላ ግን ምንም ዓይነት ማስተካከያ አይመልሰውም።

የተደጋገመ ታሪክ

የኪዳኔ ጉዳይ ብቸኛ ቢሆን ኖሮ ሕግ ለማሻሻል በቂ ምክንያት አይሆንም ሊባል ይችል ነበር። ግን ብቸኛ አልነበረም። በቶሮንቶ ዩኒቨርሲቲ የሚገኘው ሲቲዝን ላብ እ.ኤ.አ. በማርች 2013 ባወጣው ጥናት፣ የግንቦት 7 ንቅናቄ አባላትን ፎቶግራፎች ማጥመጃ ያደረገ የፊንስፓይ ዘመቻ ማግኘቱንና ሶፍትዌሩ የሚገናኘው በኢትዮ ቴሌኮም ሥር ከሚገኝ ሰርቨር ጋር እንደሆነ አሳወቀ። እ.ኤ.አ. በፌብሩዋሪ 2014 ደግሞ ሃኪንግ ቲም የተባለው የጣሊያን ኩባንያ የስለላ ሶፍትዌር በቤልጅየምና በሰሜን ቨርጂኒያ በሚሠሩ የኢሳት ባልደረቦች ላይ መሞከሩን ይፋ አደረገ።

እ.ኤ.አ. በዲሴምበር 2017 የወጣው ሦስተኛው ጥናት የበለጠ ሰፊ ነበር። ሳይበርቢት የተባለው የእስራኤል ኩባንያ ምርት በአሜሪካ፣ በእንግሊዝና በሌሎች አገሮች በሚኖሩ ኢትዮጵያውያን ተቃዋሚዎች ላይ ተሞክሯል። ከተሞከረባቸው መካከል መቀመጫውን በሚኒሶታ ያደረገው የኦሮሚያ ሚዲያ ኔትወርክ ይገኝበታል። ማጥመጃው የታወቀ የቪዲዮ ገጽን አስመስሎ የተሠራ ድረ ገጽና የአዶቤ ፍላሽ ማደሻ መስሎ የቀረበ ፕሮግራም ነበር። ጥቃቱ የደረሰው በአንድ ቋንቋ ተናጋሪ ወይም በአንድ የፖለቲካ ወገን ላይ ብቻ አልነበረም። ስለዚህ ጉዳዩ የወገን ጉዳይ ተደርጎ ሊታይ አይገባም፤ ዛሬ አንዱን ያጠመደ መሣሪያ ነገ ሥልጣን በያዘው በሌላው እጅ ሆኖ ሌላውን ያጠምዳል።

እንዴት ይወገዳል

ትሮጃን ገብቷል ብሎ የሚጠረጥር ሰው መጀመሪያ ሊያደርገው የሚገባው ኮምፒውተሩን ከኢንተርኔት ማለያየት ነው። ዋይፋዩ ሲጠፋ፣ ገመዱ ሲነቀል ሌባው ከአዛዡ ጋር ያለው ግንኙነት ይቋረጣል። ከዚያ ኮምፒውተር ላይ ባንክም ሆነ ኢሜይል መክፈት አይገባም። የይለፍ ቃላት ሁሉ መለወጥ ያለባቸው ንጹሕ ከሆነ ሌላ መሣሪያ ነው፤ በተበከለው ላይ የሚለወጥ የይለፍ ቃል ለሌባው በቀጥታ እንደ መስጠት ይቆጠራል። ቅድሚያ የሚሰጠው ለኢሜይል ነው፤ በኢሜይል በኩል የሌሎች መለያዎች ሁሉ ቁልፍ ሊቀየር ይችላልና። ከሁሉም መሣሪያዎች መውጣትና ባለ ሁለት ደረጃ ማረጋገጫን ማብራት ቀጥለው ይመጣሉ።

ሁለተኛው እርምጃ ፍተሻ ነው። በዊንዶውስ ላይ ማይክሮሶፍት ዲፌንደር ኦፍላይን የተባለው ፍተሻ ኮምፒውተሩን አጥፍቶ በማስነሣት ኦፐሬቲንግ ሲስተሙ ሥራ ሳይጀምር ይመረምራል። በተራ ፍተሻ ራሱን የሚሰውር ትሮጃን በዚህ ጊዜ የሚደበቅበት ቦታ ይጠበዋል። የታወቀ ሌላ አንቲቫይረስ በተጨማሪ መጠቀም፣ የመነሻ ዝርዝሩንና የብራውዘር ተጨማሪዎችን መመልከት፣ የማይታወቀውን ማስወገድ ይገባል።

ፍተሻው ምንም ባያገኝም ጥርጣሬው ከቀጠለ፣ ወይም የተገኘው ለረጅም ጊዜ የቆየ ከሆነ፣ የሚያስተማምነው መንገድ አንድ ነው፤ ዲስኩን ሙሉ በሙሉ ደምስሶ ኦፐሬቲንግ ሲስተሙን እንደገና መጫን። መጫኛው ከአምራቹ በቀጥታ፣ በንጹሕ ኮምፒውተር ላይ መዘጋጀት አለበት። ፎቶግራፍና ጽሑፍ ቀድሞ ሊወጣ ይችላል፤ ፕሮግራሞች ግን መውጣት የለባቸውም፤ የወጣውም ተፈትሾ ነው የሚመለሰው። በስክሪን ላይ «ኮምፒውተርዎ ተበክሏል፣ በዚህ ስልክ ይደውሉ» የሚል ማስታወቂያ ከታየ መደወል አይገባም፤ ብዙ ጊዜ የመጀመሪያው ሌባ ባይገባም ሁለተኛውን የሚያስገባው ይህ ጥሪ ነው።

በዚህ ቦታ ላይ አንድ አስቸጋሪ ምርጫ አለ፤ የጽዳት መመሪያዎችም ብዙ ጊዜ አያነሡትም። ማጽዳት ማስረጃ ያጠፋል። ለባንክ ሌብነት ተጎጂ ይህ ብዙም ላያስጨንቅ ይችላል፤ ባንኩ የራሱ መዝገብ አለውና። ለጋዜጠኛ፣ ለመብት ተሟጋች ወይም ለፖለቲካ ተሳታፊ ግን የተበከለው ዲስክ ብቸኛው ምስክር ነው። ኪዳኔ ክስ ሊመሠርት የቻለው ሰላዩ ሶፍትዌር በኮምፒውተሩ ላይ አሻራ ትቶ በመገኘቱ ነበር። እንዲህ ያለ ሰው የስክሪኑን ፎቶግራፍ በስልኩ አንሥቶ፣ የመጣውን ኢሜይል ሳይሰርዝና ለሌላ ሳያስተላልፍ አስቀምጦ፣ ቀኑንና ሰዓቱን ጽፎ ኮምፒውተሩን አጥፍቶ ባለሙያ እስኪያየው ማቆየት ይኖርበታል። አክሰስ ናው የተባለው ድርጅት ለመብት ተሟጋቾችና ለጋዜጠኞች በነጻ የሚሰጠው የዲጂታል ደኅንነት እርዳታ መስመር ለዚህ ሊያገለግል ይችላል። ገንዘብ የተዘረፈበት ደግሞ ለባንኩ ወዲያው፣ ለፌዴራል ምርመራ ቢሮ የኢንተርኔት ወንጀል አቤቱታ ማእከልም ሳይዘገይ ማስታወቅ ይገባዋል።

ቤተሰብ ብቻውን የሚሸከመው ሸክም

እ.ኤ.አ. ማርች 22 ቀን 2018 የአትላንታ ከተማ አስተዳደር ሳምሳም በተባለ የቤዛ ሶፍትዌር ተመታ። ያ ትሮጃን አልነበረም፤ አጥቂዎቹ በከተማው መረብ ድክመት በኩል ራሳቸው ሰብረው የገቡበት ነው። ወደ 51,000 ዶላር የሚጠጋ ቤዛ በቢትኮይን ተጠየቀ። የፍርድ ቤት ቀጠሮና የክፍያ አገልግሎት ተስተጓጎለ፤ ከተማዋም ለአስቸኳይ ጥገና ከ2 ሚሊዮን ዶላር በላይ አወጣች። ከጥቃቱ ጥቂት ወራት ቀደም ብሎ የራሷ ኦዲት ድክመቶቹን አመልክቶ ነበር። ጅብ ከሄደ ውሻ ጮኸ እንደሚባለው፣ ጥበቃው የመጣው ከጉዳቱ በኋላ ነው።

ከተማ ግን ኦዲተር፣ በጀትና ጠበቃ አላት። በዲካልብ ካውንቲ በክላርክስተን የሚኖር፣ ልጆቹ ለትምህርት ቤት ሥራ፣ እርሱ ለግብርና ለገንዘብ ማስተላለፊያ አንድ ኮምፒውተር የሚጋራ ቤተሰብ ከእነዚህ አንዱም የለውም። መመሪያው በእንግሊዝኛ ነው፤ አቤቱታው በእንግሊዝኛ ነው፤ ጠጋኙ በሰዓት የሚያስከፍለው ከቤተሰቡ አቅም በላይ ነው። በፖለቲካ ምክንያት የተጠቃ ከሆነ ደግሞ ከመናገር ዝምታን ይመርጣል፤ መናገር ለዘመድ ጣጣ እንዳያመጣ ይፈራልና።

ሕጉ የቆመበት ቦታ

በይግባኝ ፍርድ ቤቱ ውሳኔ መሠረት እ.ኤ.አ. የ1976ቱ የውጭ መንግሥታት ያለመከሰስ ሕግ አንድ የውጭ መንግሥት በአሜሪካ ውስጥ ለሚያደርሰው ጉዳት የሚጠየቅበት ልዩ ሁኔታ አለው። ፍርድ ቤቱ ግን ይህ የሚሠራው ጥፋቱ ከመጀመሪያ እስከ መጨረሻ በአሜሪካ ምድር ሲፈጸም ብቻ ነው ሲል ተረጎመው። ሐሳቡ የተጸነሰውና ሶፍትዌሩ የተላከው ከውጭ ስለሆነ፣ ጉዳቱ በሲልቨር ስፕሪንግ ሳሎን ውስጥ ቢደርስም በቂ አይደለም ተባለ። የዚህ ትርጓሜ ውጤት እንግዳ ነው። ሰላይ ልኮ ቤት ያስበረበረ መንግሥት ሊጠየቅ ይችላል፤ ያንኑ በኮምፒውተር ያደረገ ግን አይጠየቅም።

የሶፍትዌሩ ሻጮች ጉዳይ የተለየ ነው። በዋትስአፕና ኤንኤስኦ በተባለው የእስራኤል ኩባንያ መካከል በነበረው ክርክር የዘጠነኛው ዙር ይግባኝ ፍርድ ቤት እ.ኤ.አ. በ2021 የግል ኩባንያ በመንግሥታት ያለመከሰስ መብት ሊሸሸግ እንደማይችል ወሰነ። ጠቅላይ ፍርድ ቤቱም እ.ኤ.አ. በጃንዋሪ 2023 ጉዳዩን ለማየት ሳይቀበል ቀረ። ይህ መልካም እርምጃ ነው፤ ሆኖም የተጠቀመው ግዙፍ ኩባንያ ነው፤ ክፍተቱም በመንግሥታቱ በኩል እንዳለ ነው።

በጆርጂያ ደረጃ ደግሞ ሁለት ነገሮች አሉ። የግዛቲቱ የመረጃ መጣስ ማስታወቂያ ሕግ ግዴታውን የሚጥለው በዋናነት መረጃ በመሸጥ በሚተዳደሩ ድርጅቶችና በመንግሥት መሥሪያ ቤቶች ላይ ነው። የደንበኞቹን መረጃ የሚያስቀምጥ ነገር ግን የማይሸጥ ተራ የግል ድርጅት ትሮጃን ገብቶበት መረጃው ቢሰረቅ በዚህ ሕግ የማስታወቅ ግዴታ ላይኖርበት ይችላል።

ሁለተኛው የ2018ቱ ረቂቅ ሕግ ቁጥር 315 ትዝታ ነው። ረቂቁ ያለ ፈቃድ ወደ ኮምፒውተር መግባትን፣ ጉዳት ባያደርስም፣ ወንጀል ለማድረግ የቀረበ ነበር። የደኅንነት ተመራማሪዎችና የዲጂታል መብት ድርጅቶች በብርቱ ተቃወሙት፤ ገዥው ናታን ዲል እ.ኤ.አ. ሜይ 8 ቀን 2018 ውድቅ አደረጉት። ይህ ለኢትዮጵያውያን ሩቅ ጉዳይ ሊመስል ይችላል። በስለላ የተጠቁ ኢትዮጵያውያን መጠቃታቸውን ያወቁት ግን በተመራማሪዎች ሥራ ነው። የፊንስፓይ ሰርቨሮች የተገኙት ኢንተርኔትን በስፋት በመቃኘት ነበር፤ የሳይበርቢት ዘመቻ የተጋለጠውም ማንም ሊያነበው በሚችል ሁኔታ ተከፍቶ በተተወ የሰርቨር መዝገብ ምክንያት ነው። በስፓይአይ ምርመራም ቢሆን ትሬንድ ማይክሮና ዴል ሴኪውርዎርክስን የመሳሰሉ የግል ድርጅቶች ተመራማሪዎች መርማሪዎቹን ረድተዋል። ሌባን ለመቅጣት ተብሎ የሚወጣ ሕግ ሌባውን የሚያገኘውን ሰው የሚያስፈራ ከሆነ ጥቅሙ ለሌባው ነው።

ምን ሊደረግ ይገባል

አንደኛ፦ የጆርጂያ የኮንግረስ እንደራሴዎች የ1976ቱን ሕግ የሚያሻሽል ድንጋጌ ሊደግፉ ይገባል። በተወካዮች ምክር ቤት እ.ኤ.አ. በ2019 እና በ2021 በኮምፒውተር ጥቃት የተጎዱ አሜሪካውያን የውጭ መንግሥታትን እንዲከሱ የሚፈቅዱ ረቂቆች ቀርበው ሕግ ሳይሆኑ ቀርተዋል። ዋናው መቃወሚያ የታወቀ ነው፤ አሜሪካ በሩን ከከፈተች ሌሎች አገሮችም የአሜሪካን የስለላ ተቋማት በየፍርድ ቤቶቻቸው ይከሳሉ የሚል ነው። ስጋቱ ቀላል አይደለም። መልሱ ግን በሩን ፈጽሞ መዝጋት ሳይሆን ማጥበብ ነው። ልዩ ሁኔታው በአሜሪካ የሚኖር ግለሰብ፣ በአሜሪካ ባለ ኮምፒውተሩ ላይ፣ ያለ ዳኛ ፈቃድ ለተፈጸመበት ክትትል ብቻ እንዲሠራ ሊወሰን ይችላል። ኮንግረስ እ.ኤ.አ. በ2016 ሽብርን በሚደግፉ መንግሥታት ላይ ክስ የሚፈቅደውን ሕግ የፕሬዚዳንቱን ተቃውሞ በድምፅ ሽሮ ሲያጸድቅ ተመሳሳይ ስጋት ተነሥቶ ነበር። ስጋቱ እያለም ሕግ ማውጣት እንደሚቻል ያ ምሳሌ ያሳያል።

ሁለተኛ፦ የጆርጂያ ጠቅላላ ጉባኤ የማስታወቂያ ሕጉን የግል መረጃ በሚይዝ ማንኛውም ድርጅት ላይ እንዲሠራ አድርጎ ሊያሰፋው ይገባል። ማስታወቂያው የሚላክበት ቋንቋም ሊታሰብበት ይገባል፤ ያልተነበበ ማስታወቂያ እንዳልተላከ ነውና።

ሦስተኛ፦ የኮምፒውተር ወንጀል ሕግ እንደገና በቀረበ ቁጥር በቅን ልቦና ለሚሠሩ ተመራማሪዎች ግልጽ ጥበቃ ሊካተትበት ይገባል። የእንደራሴዎች ረዳቶች ረቂቁን ሲመረምሩ ሊጠይቁት የሚገባው ጥያቄ አንድ ነው፤ ይህ ሕግ በሥራ ላይ ቢሆን ኖሮ የኪዳኔን ኮምፒውተር የመረመረው ባለሙያ ይከሰስ ነበርን?

አራተኛ፦ የካውንቲ ቤተ መጻሕፍትና የማኅበረሰብ ማእከላት የተበከለ ኮምፒውተር የሚፈተሽበት፣ ማስረጃ የሚጠበቅበትና አቤቱታ የሚሞላበት ወርኃዊ አገልግሎት እንዲሰጡ አነስተኛ በጀት ሊመደብላቸው ይገባል። መመሪያዎቹም በአማርኛ፣ በአፋን ኦሮሞ፣ በትግርኛና በሶማልኛ ሊዘጋጁ ይገባል። ማኅበራትና የሃይማኖት ተቋማት የበኩላቸውን መጀመር የሚችሉት ዛሬ ነው። የስብሰባ ጥሪን በአባሪ ፋይል ከመላክ ይልቅ በመልእክቱ አካል ላይ መጻፍ ገንዘብ አይጠይቅም፤ ያልተጠበቀ ፋይል ሲደርስ ላኪውን በስልክ መጠየቅም እንዲሁ።

ፋይል መክፈት ጥፋት አይደለም። ከዘመድ፣ ከወዳጅና ከማኅበር የመጣን ነገር ማመን በስደት ያለ ሕዝብ አብሮ የሚኖርበት መንገድ ነው። ሕግ አውጪዎች ተጎጂውን «ለምን ከፈትክ?» ብለው በጠየቁ ቁጥር ኃላፊነቱ ከላኪው ትከሻ ላይ ይወርዳል። አትላንታ ትሮጃን የሚጽፍና የሚልክ ሰው ከየትም አገር ቢሆን ተይዞ ሊጠየቅ እንደሚችል አሳይታለች። ቀሪው ሥራ ላኪው መንግሥት በሚሆንበት ጊዜም ተጎጂው የሚያቀርበው ክስ ዳኛ ፊት የሚደርስበትን መንገድ መክፈት ነው፤ ይህንንም ማድረግ የሚችለው ኮንግረስ ነው።